የሰው ደም ለሰው መድኃኒት የኾነበት ታሪክ

ነቀርሳ ይዞት ሲታከም የቈየ ሰው አንድ ቀን ሐኪሙ «ደምዎ አንሷልና የሌላ ሰው ደም እንሰጥዎታለን» ቢለው ልቡ መደንገጡ አይቀርም። «የማን ደም ይኾን? ጠባዩስ ዐብሮ ይገባብኝ ይኾንን?» እያለ ያስባል። ይህን ፍርሀት የአላዋቂ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ግን ታሪኩን ያልመረመረ ነው። ጥንት ስመ ጥሩ ሐኪሞችም እንዲሁ ያስቡ ነበርና።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1667 ዓ.ም. ዣን ባቲስት ዴኒ የሚባል ሐኪም በፓሪስ አእምሮው ለታወከ ሰው የጥጃ ደም በሥሩ አስገባለት። የጥጃው የዋህነት በደሙ ዐልፎ የሰውየውን ቍጣ ያበርዳል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን የበሽተኛው ሽንት እንደ ጥላሸት ጠቈረ፤ በ1668 መዠመሪያም ሰውየው ሞተ። ዳኞች ዴኒን ነጻ ቢያወጡትም፣ የፓሪስ የሕክምና ጉባኤ ካልፈቀደ በቀር ይህ ሥራ ዳግመኛ እንዳይሠራ ከለከሉ። ከዚህም በዃላ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተትቶ ቈየ።

በ1818 ጄምስ ብለንዴል የተባለ የለንደን ሐኪም ለሰው የሚስማማው የሰው ደም ነው ብሎ፣ ከብዙ ሰዎች የተቀዳ ደም ለአንድ በሽተኛ በመርፌ ሰጠ። በሽተኛው የጨጓራው መውጫ በነቀርሳ የተዘጋበት፣ ተስፋ የተቈረጠለት ሰው ነበር። ጥቂት ቢበረታም ከ56 ሰዓት በዃላ ዐረፈ። እንግዲህ ዛሬ በነቀርሳ ታሞ ደም የሚቀበል ሰው በዚህ መንገድ የመዠመሪያው ተጓዥ አይደለም።

ብለንዴል የሰው ደም ኹሉ አንድ ይመስለው ነበር። ካርል ላንድስታይነር ግን በ1901 በቪየና የራሱንና የባልደረቦቹን ደም እያቀላቀለ ቢመረምር፣ አንዳንዱ በሰላም ሲቀላቀል አንዳንዱ ይጓጕል ነበር። በዚህም የሰው ደም መልኩ አንድ ሲኾን ወገኑ ልዩ ልዩ መኾኑ ተገለጠ፤ ዛሬ ኤ፣ ቢ፣ ኦ፣ ኤቢ የምንለው ይህ ነው። በ1907 ሮይበን ኦተንበርግ በኒውዮርክ የሰጪውንና የተቀባዩን ደም አስቀድሞ ማስማማትን ዠመረ። በ1914 ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ጨው በሥራ ላይ ዋለ፤ በ1940 ደግሞ አር ኤች የሚባለው ልዩነት ታወቀ።

የነቀርሳ መድኃኒት ክፉውን ሲገድል ደም የሚፈጠርበትን የዐጥንት መቅኔ ያደክማል። ስለዚህ ቀዩ ደም ይጐድላል፣ በሽተኛውም ይዝላል፣ ትንፋሹም ያጥራል። የሚሰጠው ደም መቅኔው እስኪያገግም ድረስ ጐደሎውን ይሞላል እንጂ ጠባይን አይለውጥም። ነርሷ ስሙን ደጋግማ ብትጠይቀው፣ የከረጢቱን ጽሕፈት ከስሙ ጋር ብታስተያይ፣ ሙቀቱንና የልቡን ትርታ ብትለካ አይሰልች። ያለፉት ሰዎች በሞታቸው ያስተማሩት ትምህርት ተሰብስቦ በዚያች አጭር ጥያቄ ውስጥ አለና። አደጋው እጅግ ቢያንስም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ብርድ ብርድ ቢለው፣ ወገቡን ቢያመው፣ ሰውነቱን ቢያሳክከው ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ዝም ሳይል ወዲያው ይናገር።

በ1668 ፍርሀት እውነተኛ መካሪ ነበር፤ የዛሬው ፍርሀት ግን ጠይቆ መልስ ሊያገኝ ይችላል። መልሱንም ከሰማ በዃላ በሽተኛው እጁን ሲዘረጋ፣ ስሙን የማያውቀው አንድ ሰው አስቀድሞ እጁን እንደ ዘረጋለት ያስብ።