ማሳበቅ እና ማስጠንቀቅ

ልጆች ሳለን ከተመከርናቸው ምክሮች ሁሉ እንደ «ዝም አይነቅዝም» የተደጋገመልን ያለ አይመስለኝም። የሰው ነገር አታመላልስ፤ ያየኸውን እንዳላየ እለፍ፤ የሰማኸውን ሆድህ ይቻለው። በክፍል ውስጥም ከደብዳቢው ይልቅ የሚጠላው አሳባቂው ነበር። ምክሩ ለብዙ ነገር ይበጃል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት አስማምቶ ያኖራል። በትምህርት ቤቶች ላይ የደረሱ ጥቃቶችን ታሪክ ሳነብ ግን ዝምታ ሲነቅዝ፣ ነቅዞም ሰው ሲያስፈጅ ደጋግሜ አያለሁ።

እስቲ ከጥንቱ ልጀምር (ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ብዙዎቻችን ይህ ዓይነቱ መዓት የቅርብ ጊዜና የጠመንጃ ብቻ ይመስለናል። በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው ያለቀበት የትምህርት ቤት ጥቃት ግን የደረሰው በሜይ 1927፣ በሚሺጋን ግዛት ባዝ በምትባል የገጠር መንደር፣ በፈንጂ ነው። አድራጊው የትምህርት ቤቱ ቦርድ ገንዘብ ያዥ ነበር። በትምህርት ቤቱ ግብር የተማረረ፣ በአካባቢ ምርጫ የተሸነፈ፣ እርሻው በዕዳ ሊወሰድበት የደረሰ ሰው። የሕንፃውን ኤሌክትሪክ የሚጠጋግነው እሱ ስለነበር፣ ከወለሉ ሥር ለወራት ፈንጂ ሲያጠምድ «ምን ትሠራለህ?» ያለው የለም። 38 ሕፃናት አለቁ። በሌላው የሕንፃው ክንፍ ሥር ደግሞ ሳይፈነዳ የቀረ ከ200 ኪሎ በላይ ፈንጂ ተገኘ። ታዲያ ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ዓይነት አጥር ይታጠርለታል? የውስጥ ሰው ነበር እኮ!

ከዚያ ወዲህም ጥቃት በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚታሰበው አጥር ነው። ካሜራ ይሰቀል፣ መፈተሻ ይተከል፣ የታጠቀ ዘበኛ ይቁም ይባላል። በኤፕሪል 1999 በኮሎራዶ የኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች 12 ጓደኞቻቸውንና አንድ መምህር ሲገድሉ፣ ትምህርት ቤቱ የታጠቀ ፖሊስ ነበረው፤ ተኩስም ተለዋውጧል። በፌብሩዋሪ 2018 በፍሎሪዳ ፓርክላንድ 17 ሰዎች ሲገደሉ የታጠቀው ጠባቂ ከሕንፃው ውጭ ነበር። በሜይ 2022 በቴክሳስ ዩቫልዴ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን በተገደሉበት ቀን የደረሱት የጸጥታ ሰዎች 376 ነበሩ። ገዳዩ ያለበት ክፍል እስኪገባ ግን 77 ደቂቃ ፈጀ።

አጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በዲሴምበር 2012 በኮኔክቲከት ሳንዲ ሁክ 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ከተገደሉ በኋላ የተቋቋመው ኮሚሽን፣ የመማሪያ ክፍል በሮች ሁሉ ከውስጥ የሚቆለፉ ይሁኑ ብሎ መክሯል። መልካም ምክር ነው፤ ቁልፍ ደቂቃ ይገዛል፣ ደቂቃ ደግሞ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን የዚያ ትምህርት ቤት የፊት በር ራሱ ያን ዕለት ተቆልፎ ነበር፤ ገዳዩ ከጎኑ ያለውን መስኮት በጥይት ሰብሮ ገባ። ቁልፍ የሚያገለግለው ሰውየው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነው። የእኔ ጥያቄ ደጃፍ ሳይደርስ በፊት ስላለው ጊዜ ነው።

በዚያ ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አለ። ስኮትላንድ፣ ደንብሌን በማርች 1996፦ 16 ሕፃናትና መምህርታቸው ተገደሉ። ከዓመታት በፊት፣ በ1991፣ አንድ የፖሊስ መርማሪ የሰውየው የመሣሪያ ፈቃድ እንዲነሳ የሚያሳስብ ማስታወሻ ለአለቆቹ ጽፎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ኮሎምባይን፦ ከጥቃቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ አንድ ቤተሰብ ከልጆቹ አንዱ በኢንተርኔት የሚጽፈውን ዛቻ ለሸሪፉ ቢሮ አመልክቶ ነበር። የብርበራ ማዘዣ መጠየቂያ ተረቀቀ፤ ዳኛ ፊት ግን አልቀረበም። ፓርክላንድ፦ ከጥቃቱ 40 ቀን በፊት አንድ ሰው ለኤፍ.ቢ.አይ ደውሎ ስሙን ጠርቶ አስጠንቅቆ ነበር፤ ጥቆማው ለአካባቢው ቢሮ አልተላለፈም። ሁሉም ጋ የተናገረ ሰው ነበር። የጠፋው ሰምቶ የሚነሳ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን፤ እዚህ ግን ውሻው በጊዜ ጮኋል፣ ባለቤቱ ነው የተኛው።

የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስና ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ያወጡት ጥናት ከ1974 እስከ 2000 የደረሱ 37 ጥቃቶችን መርምሯል። በአምስቱ በአራቱ ያህል ቢያንስ አንድ ሰው አስቀድሞ ወሬው ነበረው። የሚያውቁት ደግሞ ወላጆችና መምህራን ሳይሆኑ በአብዛኛው ጓደኞች፣ የክፍል ልጆች፣ ወንድምና እህት ናቸው። ብዙዎቹ አጥቂዎች መሣሪያውን ያገኙት ከገዛ ቤታቸው ወይም ከዘመድ ቤት ነው። የዚያው መሥሪያ ቤት የ2021 ጥናት ደግሞ ሳይፈጸሙ የከሸፉ 67 ሴራዎችን ተመልክቶ፣ ከሁሉ ይልቅ ያከሸፋቸው የሰሙ ሰዎች መናገራቸው መሆኑን አሳየ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

ከዚህ የተማሩም አሉ። ኮሎራዶ ከ2004 ጀምሮ ተማሪ ስሙን ሳይገልጽ የሚጠቁምበት «ሴፍቱቴል» የተባለ መስመር ዘርግታለች። ቨርጂኒያ በ2013 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ሁሉ የሥጋት ገምጋሚ ቡድን እንዲኖራቸው በሕግ ደነገገች። አስተዳደር፣ አማካሪ፣ ፖሊስ አንድ ላይ ተቀምጠው ዛቻው ባዶ ቁጣ ነው ወይስ ዕቅድ ብለው ያመዛዝናሉ። ልጁ የተበደለ፣ የተገለለ ከሆነም ይረዱታል። ጓደኛውን የጠቆመ ልጅ «አስባረርኩት» ብሎ እንዳይጸጸት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ በዴንቨር፣ በሚኒሶታ ልጆቻቸውን በየማለዳው ለእነዚሁ ትምህርት ቤቶች የሚያስረክቡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከሀገር ቤት ይዘን የሄድነው «በሰው ነገር አትግባ» የሚለው ምክርም አብሮ ተሳፍሯል። እኔ ምክሩን እንጣለው አልልም፤ እንለየው ነው የምለው። ማሳበቅ ሰውን ለማስቀጣት መናገር ነው፤ ማስጠንቀቅ ሰውን ለማዳን መናገር ነው። ልጅ ይህን ልዩነት በራሱ አይደርስበትም፤ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ትልቅ ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ ወላጅ የሆናችሁ፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «ትምህርት ቤት የሚያስፈራ ነገር ብትሰማ ለማን ትናገራለህ?» የአንድ መምህር ወይም የአማካሪ ስም ቶሎ ከጠራ፣ እሰየው። ስም ካጣ ግን ነገ ጠዋት አብራችሁት ሂዱና አንድ ሰው ፈልጉለት።