ጋዝ አልቋል

«ሄጄ ነበር እኮ፤ ጋዝ አልቋል ብለው መለሱኝ» አለችኝ አክስቴ።

እኔ የምግብ ማብሰያው መሰለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ እሷ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። ስልኬን አውጥቼ ሲሊንደር የሚያመጣውን ልጅ ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ። «የምግቡን አይደለም የኔ ልጅ» አለች። ትንሽ ዝም አለችና «የሐኪም ቤቱን ነው» ብላ ሲኒዎቹን መሰብሰብ ያዘች። ሁለተኛው ገና አልተቀዳም ነበር።

ቀሪውን የነገረችኝ ልጇ ናት፤ ለወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ አይነገርማ። አክስቴ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ሄዳ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጋለች። ነርሷ ነጭ ነገር አይታለች። ካንሰር አይደለም፣ ከተተወ ግን ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ እዚሁ በቅዝቃዜ እናክመዋለን ተብላለች። ከዚያ ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። በሁለት ሳምንት ተመለሺ አሏት። ይህ ከሆነ 5 ወር አልፎታል። ለምን አልተመለሽም ብዬ ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፦ «እንደውልልሻለን ብለውኝ አልደወሉማ።»

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ቢሮ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ስለ ማህፀን የማውቀው ከ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አያልፍም። ግን «በቅዝቃዜ» የምትለው ቃል አልለቀቀችኝም። እኛ ቤት ብርድ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። «ብርድ መታኝ» ነው የሚባለው። እህቶቼ ያደጉት ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አትቀመጡ፣ ማህፀን ይበርደዋል እየተባሉ ነው። ታዲያ ብርድን፣ ያውም እዚያ ቦታ ላይ፣ ለሕክምና ያዋለው ማነው? በዚያ ምሽት ማንበብ ጀመርኩ፤ ወራት ፈጀብኝ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ውሰዱልኝ።)

ሰውየው ጄምስ አርኖት ይባላል፤ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ በረዶ አድቅቆ ከጨው ጋር እየደባለቀ፣ ወደ ውጭ በወጣ የጡትና የማህፀን በር ዕጢ ላይ ያደርገው ነበር። ጨው የገባበት በረዶ ከዜሮ በታችም መቅለጡን ይቀጥላል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ከአካባቢው ሙቀት ይስባል። አርኖት በዚህ መንገድ ከዜሮ በታች ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ድረስ ወረደ። ዕጢው ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይበርዳል፣ መድማቱ ይታገሣል። ሰውየው የተመካው በማስታገሱ ነው። በ1851 መሣሪያውን ለንደን በተካሄደው ታላቁ ዐውደ ርእይ ላይ አቀረበ። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ ካሣ ኃይሉ ገና ቴዎድሮስ አልተባለም።

ጨውና በረዶ ግን ከዚያ በታች አይወርድም። ቀጥሎ የመጣው አየርን ፈሳሽ የማድረግ ጥበብ ነው። በ1899 ካምቤል ዋይት የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ፈሳሽ አየርን በጥጥ እየነከረ የቆዳ በሽታ ላይ መቀባቱን ጻፈ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1961 ነው። አርቪንግ ኩፐር የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን በውስጡ የሚያልፍበት፣ ጫፉ ብቻ የሚቀዘቅዝ ዘንግ ከአንድ መሐንዲስ ጋር ሠራ። ሐሳቡ የፓርኪንሰን ታማሚዎችን እጅ የሚያንቀጠቅጠውን የአንጎል ክፍል ማቀዝቀዝ ነበር። ዛሬ በሀብታም አገሮች የኩላሊትና የፕሮስቴት ካንሰር በአርጎን ጋዝ የሚቀዘቅዝበት መርፌ መሰል ዘንግ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። እሱን እዚህ አልፈዋለሁ፤ የአክስቴ ጉዳይ ከሌላኛው ዘር ነው።

ሌላኛው ዘር ለእንደኔ ያለ ሰው የበለጠ ደስ ይላል። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጁልና ቶምሰን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ታምቆ የቆየ ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ሲለቀቅ እንደሚቀዘቅዝ አሳዩ። ለማህፀን በር የሚሠራው መሣሪያ በሙሉ ይኸው ነው። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የናይትረስ ኦክሳይድ ሲሊንደር፣ አንድ ቱቦ፣ ሽጉጥ የሚመስል እጀታ፣ ጫፉ ላይ ክብ ብረት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቦ ውሃ ውስጥ የሚንተከተከው ያው ጋዝ ነው። መብራት አይፈልግም። በሳምንት ስንቴ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብረቱ ማህፀን በር ላይ ያርፋል፤ 3 ደቂቃ ይቀዘቅዛል፤ 5 ደቂቃ ይለቀቃል፤ እንደገና 3 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። በሴሎቹ ውስጥና ዙሪያ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፤ የሴሉ ሽፋን ይቀደዳል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ለምን ሁለት ጊዜ? ቀልጦ ዳግም ሲቀዘቅዝ ጉዳቱ ጠልቆ ስለሚሄድ ነው። ቦታው ለሕመም ብዙም ስሜት ስለሌለው በአብዛኛው ማደንዘዣ አይሰጥም፤ የወር አበባ ዓይነት ቁርጠት አለው። ከዚያ ለሳምንታት ውሃ መሰል ፈሳሽ ይወጣል፤ ለ4 ሳምንት ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ይሄኛው ምክር ቤት ውስጥ ባል ካለ ከሕክምናው ራሱ ሊከብድ ይችላል።

ልብ በሉ፣ ይህ የካንሰር ሕክምና አይደለም። ካንሰር ሊሆን የሚችለውን ቀድሞ ማጥፋት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ መሆኑን ለማሳየት መንገዱን የከፈተው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን ነው፤ በ1983 አደገኛውን 16ኛ ዓይነት ከዕጢ ውስጥ አገኘ፤ በ2008 ኖቤል ተሸለመ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የመከላከል አቅሟ ለተዳከመባት ሴት ይህ ወደ 5 ወይም 10 ዓመት ያጥራል። እንዲህ ያለ ረጅም ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ካንሰር ጥቂት ነው።

ጊዜው ካለ ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ችግሩ መመላለሱ ነው። የድሮው ምርመራ፣ ፓፕ ስሚር የሚባለው፣ ናሙና ወስዶ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ጋ ልኮ፣ ውጤቱን ከሳምንታት በኋላ መልሶ ሴትዮዋን መፈለግ ነው። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው «ሴትዮዋን መፈለግ» ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ስልኳን ቀይራለች፤ ወይ ከገርጂ ወደ አያት ቤት ቀይራለች፤ አድራሻዋ መዝገቡ ላይ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ተብሎ ነው የተጻፈው። በኔ ሙያ ሥራን በሁለት ከፍለህ መሐሉ ላይ ሰው እንዲጠብቅ ካደረግክ፣ መሐሉ ላይ የሚጠፋው ነገር ይበዛል።

መፍትሔው ከወጥ ቤት መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት እኛ አቼቶ የምንለው፣ ማህፀን በር ላይ ተቀብቶ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። የተበላሸው ቦታ ነጭ ይሆናል። በ1999 ከዚምባብዌ የወጣ ጥናት፣ የሠለጠኑ ነርስ አዋላጆች በዚህ መንገድ አብዛኛውን ቅድመ ካንሰር ማግኘት እንደሚችሉ አሳየ፤ ጤነኛዋንም አንዳንዴ «አለብሽ» ይላል እንጂ። አቼቶውን ከጋዙ ጋር ስታጋጥመው አንዲት ሴት ጠዋት ገብታ፣ ታይታ፣ ታክማ፣ ምሳ ሳይደርስ ቤቷ ትመለሳለች። የመጀመሪያው ቀጠሮ የመጨረሻውም ነው ማለት ነው።

ወደ እኛ አገር በሰፊው የገባው ነሐሴ 2002 ዓ.ም. በተጀመረ፣ «አዲስ ተስፋ» በተባለ ሥራ ነው። ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር፣ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ፣ በ14 ሆስፒታሎች ጀመረው። መጀመሪያ የተጠሩት ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ናቸው፤ እነሱ በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች 6 እጥፍ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ቆሜ አሰብኩ። በ2005 የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሞትን ያመለጡ ሴቶች፣ ከ5 ዓመት በኋላ ሌላ ሞት በር ላይ ቆሞ እንዳይጠብቃቸው ነበር ሥራው።

እስከ መጋቢት 2014 ድረስ 16,632 ሴቶች ተመረመሩ። ከአሥሩ አንዷ ገደማ ነጭ ታየባት። 1,481ዱ ክራዮቴራፒ ተደረገላቸው፤ ከሚገባቸው ውስጥ 97 በመቶ ማለት ነው። እጅግ ጥሩ ውጤት ነው፤ እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ቁጥር ብናገኝ ኬክ ይቆረሳል። ግን ወረድ ብዬ ሳነብ በዚያው ቀን የታከሙት 1,230 ናቸው። ልዩነቱን ቀነስኩት፤ 251። «ዛሬውኑ» ተብሎ በታሰበ ሥራ ውስጥ ሌላ ቀን የመጡ 251 ሴቶች። መምጣታቸው ራሱ ሊያስመሰግናቸው ይገባል። አክስቴ የተመዘገበችው እዚያ አይደለም፤ እኔ ግን ያየኋት እነሱ መሐል ነው።

በ2015 አገር አቀፍ መመሪያ ወጣ፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ሁሉ እንዲመረመሩ፣ አገልግሎቱም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ። በዚያው ዓመት በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በዚህ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ሳይመረመሩ ለቀሩትና ለታመሙት ደግሞ የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ለ2020 በተሠራ ግምት በኢትዮጵያ 7,445 ሴቶች በዚህ ካንሰር ተያዙ፤ 5,338 ሞቱ። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ማየት አልወደድኩም። በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱ ተጀምሯል፤ እነሱ 40 ሲሞላቸው ይህ ጽሑፍ አሮጌ ይሆን ይሆናል። የዛሬዎቹን የ40 ዓመት ሴቶች ግን ክትባቱ አይደርስላቸውም።

እና ጋዙ። ያ ሁሉ ብልሃት የቆመው በአንድ ከባድ የብረት ሲሊንደር ላይ ነው። ማስሞላት አለበት፣ ማጓጓዝ አለበት፣ የሚከፍል በጀት አለበት። ግፊቱ ሲቀንስ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሳይሆንም ሥራው ይቆማል። መብራት የማይፈልግ መሣሪያ ሠርተን መኪና የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ። የአክስቴ ነርስ ምንም አላጠፋችም፤ የሚገባትን አይታለች፣ የሚገባትን ተናግራለች።

የሚያስቀው፣ መውጫው ከቅዝቃዜው ተቃራኒ መምጣቱ ነው። በ1966 ኩርት ዜም የተባለ ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም «ቀዝቃዛ አርጊ» ብሎ የሰየመው መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ስሙ አያታላችሁ፤ ቲሹውን በ100 ዲግሪ ገደማ ያቃጥለዋል። ቀዝቃዛ የተባለው ከዚያ በፊት ከነበሩት ማቃጠያዎች ጋር ሲነጻጸር ነው። ለአሥርት ዓመታት ጥግ ላይ ከቆየ በኋላ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ልጁ መጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መመሪያ አወጣለት። ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይበቃዋል። ሲሊንደር የለም፤ ስልክ እንደመሙላት ነው። እኛ አገርም ሙቀቱ የቅዝቃዜውን ቦታ እየያዘ ነው።

አክስቴን ወደ ሌላ ቦታ የወሰድናት እኔና ልጇ ነን። ከሲኤምሲ ባቡር ይዘን ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስታወራ ነበር። እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ፤ ከኔ ሌላ ወንድ አልነበረም። ነጩ አሁንም አለ፤ አላደገም። በሙቀት ታከመች። ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ስትወጣ «ተኮሱኝ እኮ» አለች። መተኮስን ታውቀዋለች፤ አገር ቤት አያቷ በጋለ ብረት የሰው ትከሻና ወገብ ይተኩሱ ነበር። «ይኼን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማሩት?» ብላ ሳቀች፤ ልጇም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ስለ ጄምስ አርኖትና ስለ በረዶው ልነግራት አስቤ ተውኩት።

የክትትል ቀጠሮዋ ከዓመት በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀኑ በኛ አቆጣጠር፣ ስልኬ ላይ በፈረንጅ። ሁለት ጊዜ አስልቼ መዘገብኩት፤ ከሳምንት በፊት እንዲያስታውሰኝ፣ ከሦስት ቀን በፊት እንዲያስታውሰኝ፣ በዋዜማው እንዲያስታውሰኝ። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ እስካሁን አልደወለም።