የላቲን ማሳነሻ ቃላትና እርባታቸው

መሐንዲስ በየዕለቱ ከሚጠቀምባቸው ቃላት መካከል ካልኩለስ፣ ሞዱለስና ፎርሙላ በትውልዳቸው የላቲን ማሳነሻዎች ናቸው። ካልኩሉስ ሮማውያን በመቁጠሪያ ሰሌዳ ላይ ለሒሳብ ይደረድሩት የነበረው ጠጠር ነው፤ ሞዱሉስ «ትንሽ መስፈሪያ»፣ ፎርሙላም «ትንሽ ቅርጽ» ማለት ነው። ሞዱሉስን ቪትሩቪዩስ ለሕንፃ ምጣኔ ተጠቅሞበታል፤ ቶማስ ያንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው ትምህርቱ ለቁሳቁስ የመለጠጥ ባሕርይ አውሎታል።

ሮማውያን ስምን ብቻ ሳይሆን ቅጽልንም ያሳንሱ ነበር። ፓርቩስ «ትንሽ» ነው፤ «ትንሽዬ» ለማለት ሲፈለግ ለተባዕታይ ፓርቩሉስ፣ ለአንስታይ ፓርቩላ፣ ለግዑዝ ፓርቩሉም ይባላል። በዘርፍነት ሲገባም ፓርቩሊ፣ ፓርቩላይ፣ ፓርቩሊ ይሆናል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መነሻው ቅጽል በሦስተኛው እርባታ የሚሄድ ቢሆን እንኳ ማሳነሻው ከአንደኛውና ከሁለተኛው እርባታ የማይወጣ መሆኑ ነው። «ቀላል» የሚባለው ሌቪስ ለተባዕታይና ለአንስታይ አንድ መልክ ብቻ ሲኖረው፣ ማሳነሻው ሌቪኩሉስ ሦስቱንም ጾታ ለይቶ ያሳያል። (በአማርኛ ነገሩ ሌላ ነው፤ እኛ አንድን ነገር ለማሳነስ ስንሻ ጾታውን ራሱን ወደ አንስታይ እንለውጠዋለን።)

ማሳነስ መጠንን ብቻ አይገልጽም፤ ፍቅርንም ንቀትንም ያዝላል። ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት በጻፈው የቱስኩሉም ክርክር ታላቁን የግሪክ ተናጋሪ ዴሞስቴኔስን ሌቪኩሉስ ይለዋል፤ ውሃ የተሸከመች ሴት ስለ እርሱ ስታንሾካሹክ መስማት ደስ ይለው ነበርና። መነሻውን ቃል ተጠቅሞ ቢሆን ኖሮ ስድብ በሆነ ነበር፤ ማሳነሻው ግን ፈገግታ ጨመረበት።

የቬቱስ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። «አሮጌ» ማለት የሆነው ይህ ቅጽል ዘርፉ ቬቴሪስ ስለሚሆን ለተናጋሪው አስቸጋሪ ነው፤ ማሳነሻው ቬቱሉስ ግን ሁሉም በለመደው መንገድ ይረባል። ሕዝቡ ቀላሉን መረጠ፤ አሳጥሮም ቬክሉስ አለው። አፔንዲክስ ፕሮቢ የተባለው፣ ከ200 በላይ የቃላት እርማቶችን የያዘው ጥንታዊ ዝርዝር፣ ቬክሉስን ነቅፎ ቬቱሉስን ያዛል። ትእዛዙን የሰማ አልነበረም፤ የኢጣልያንኛው ቬኪዮና የፈረንሳይኛው ቪዬ የተወለዱት ከተነቀፈው ቃል ነው። የሙያ ቃላትን በኮሚቴ የምናወጣ ሰዎች ልናስብበት ይገባል። ጆሮም በፈረንሳይኛ ኦሬይ የተባለችው «ትንሿ ጆሮ» ከሚለው ኣውሪኩላ ነው፤ ፀሐይን የምታህል ነገር እንኳ ሶሌይ የሚለውን ስሟን ያገኘችው «ትንሿ ፀሐይ» ከሚል ማሳነሻ ነው።