ስለ ጵርስቅላና ስለ አቂላ፤ ባልና ሚስት ለወንጌል ባሕር ሲሻገሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱስ ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት በ18ኛው ምዕራፍ የአቂላንና የጵርስቅላን ታሪክ ጽፎልናል። አቂላ ትውልዱ ከአይሁድ፥ አገሩ ጳንጦስ ነው። ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድ ሁሉ ከሮሜ ይውጡ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ከሚስቱ ጋራ ወጥቶ በቆሮንቶስ ተቀመጠ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበረ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ሥራው ይኸው ነበረና በቤታቸው ተቀምጦ አብሮ ሠራ። ኋላም ጳውሎስ በመርከብ በተነሣ ጊዜ እነርሱም ባሕሩን ተሻግረው ኤፌሶን ወረዱ፤ በዚያም የእስክንድርያውን ሊቅ አጵሎስን ወደ እነርሱ ወስደው የጐደለውን አስተማሩት።

ጥያቄ፤ በግብረ ሐዋርያት 18፥18፥ በሮሜ 16፥3፥ በሁለተኛው ጢሞቴዎስ 4፥19 ሚስቲቱ ከባሏ በፊት የተጠራች ስለ ምን ነው? መልስ፤ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የሮሜን መልእክት ሲተረጕም ይህ በከንቱ የሆነ አይደለም፥ በመንፈሳዊ ትጋቷ ስለ በለጠች ነው ይላል። አንድም፤ በሐዋርያዊ ጕዞ ሚስት የባሏ ጓዝ ሆና የምትጫን እንዳይደለች፥ ራሷ የተላከች እንደ ሆነች ለማጠየቅ ነው።

ይህን የጻፍሁበት ምክንያት እንዲህ ነው። በሂርና ሳለሁ አንድ ካህን ከሚስቱ ጋራ ወደ እኔ መጣ። ባሕር ማዶ ላሉ ምእመናን እንዲያገለግል ተጠርቶ፥ የጕዞው ቀን ተቈርጦ፥ ቡራኬ ሊቀበል ነው። እርሱ ስለ መንገዱ፥ ስለ መጻሕፍቱ፥ ስለሚይዘው ንዋየ ቅድሳት ብዙ ተናገረ፤ እርስዋ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ዝም አለች። «አንቺስ ልጄ?» ብላት፥ «እኔማ አባቴ፥ እርሱ ካለበት ነኝ፤ ነገር ግን እናቴን ማን ይጦርልኛል?» አለችኝ። ካህኑም ዘወር ብሎ አያት፤ ይህን ነገር ከአፏ የሰማው ገና ያን ቀን ነበረና።

ያን ጊዜ የአንዲት የባዕድ አገር ሴት ታሪክ ትዝ አለኝ። ባሏ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል፥ የእንግሊዝ የወንጌል ማኅበር የላከው ጀርመናዊ ነው። ሃይማኖታቸው ከእኛ ሥርዓት የተለየ ነው፤ ታሪካቸውን የምናነሣው ለትምህርት ነው። ክራፕፍ በ1839 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ በአንኮበር ተቀመጠ። የኦሮሞንም ቋንቋ እየተማረ ወንጌልን ወደዚያ ቋንቋ መመለስ ጀመረ። በ1842 ሊያገባ ወደ ግብጽ ወረደ፤ በወሎ መንገድም ገንዘቡን ሁሉ ተዘረፈ። በግብጽ ከባዝል ከተማ የመጣችውን ሮዚኔ ዲትሪክን አግብቶ፥ ይዟት ወደ ሸዋ ሊመለስ ታጁራ ቢደርስ በሩ ተዘግቶ ቈየው።

በ1843 በምጽዋ በኩል ሞከሩ። ሮዚኔም በሳሆ ሰዎች ምድረ በዳ ሴት ልጅ ወለደች። ስሟንም በአገራችን ቃል እንባ አሉአት፤ ሕፃኒቱም ሞታ በዚያው በረሓ ተቀበረች። ወደ ትግሬም የሚወስደው መንገድ ቢዘጋባቸው፥ ከደቡብ ዞረን ወደ ኦሮሞ አገር እንገባለን ብለው ከዓደን በመርከብ ተነሥተው በ1844 መጀመሪያ ዛንዚባር፥ ኋላም ሞምባሳ ደረሱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሮዚኔ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወልዳ በንዳድ ሞተች፤ ሕፃኒቱም በጥቂት ቀን ተከተለቻት። መቃብራቸው ከሞምባሳ ደሴት ማዶ በባሕሩ ዳር ነው። ባሏ ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራ፤ የስዋሒሊን ሰዋስው ጻፈ፥ በ1849 የኬንያን ተራራ ከሩቅ አየ፥ በ1881 በአገሩ ዐረፈ። ከደቡብ ወደ ኦሮሞ አገር እገባለሁ ያለው ግን አልሆነለትም።

መጽሐፉ በሌላ በር ገባ። ከኢሉባቦር በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ በስዊድን ተምሮ ተመለሰ፤ ምሕረት ኃይሉንም አገባ። ሁለት ጊዜ ወደ ወገኖቹ አገር ሊገባ ተነሥቶ ቢመለስም፥ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በ1899 ታተመ። ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖም ቃላትን በመሰብሰብ ረዳችው። እርሱም በ1904 ወደ ወለጋ ገባ።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር አስተውል። መጀመሪያ፥ ለጕዞው የሚከፈለው ዋጋ የሁለቱ ነው፤ ከፍ ያለውንም ብዙ ጊዜ የምትከፍል ሚስት ናት። ስለዚህ ፈቃዷን ሳይጠይቅ የሚነሣ፥ በሌላ ሰው ገንዘብ መባ እንደሚያገባ ሰው ነው። ሁለተኛ፥ ቋንቋ ሳይማሩ ስብከት የለም። በጨርጨር የምንኖር ይህን እናውቃለን፤ በሂርና ገበያ ኦሮምኛ የማይሰማ ካህን ቅዳሴውን ይቀድሳል እንጂ የጐረቤቱን ኀዘን አይካፈልም። በሰው አገርም ከገበያና ከጐረቤት ቋንቋውን ቀድማ የምትለምድ ብዙ ጊዜ ሚስቲቱ ናት። ሦስተኛ፥ ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ፥ ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ እያሉ አባትና እናትን መጦር የሚተዉትን ገሥጿል። እናትን አስርቦ የሚሄድ ሰባኪ ምን ብሎ ይሰብካል?

እነዚያንም ባልና ሚስት ያን ቀን ሳልባርክ፥ «ሂዱ፥ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ተመለሱ» ብዬ ሰደድኋቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጡ። እናቲቱ በታላቂቱ ልጇ ቤት እንድትኖር፥ ካህኑም ከሚያገኘው በየወሩ እንዲልክላት፥ ጕዞውም ይህ እስኪደላደል እንዲቈይ ተስማምተው ነበር። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እርስዋ ናት፤ እርሱም ዝም ብሎ ይሰማት ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱንም ባረክኋቸው።

የጵርስቅላንና የአቂላን ቤት የባረከ አምላክ ለወንጌል የሚወጡትን ሁሉ በመንገዳቸው ይጠብቅ፤ በኋላቸው የሚቀሩትንም አይርሳ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።