የፈዲስ ቁስለኛ

ስሙኝማ። የምተርክላችሁ ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። በስሙ ጠርቼው አላውቅምና ዛሬም አልጠራውም፤ ጋሼ ነው የምለው። አገራችን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ያለች፣ ገብስና በግ የሚሆንባት ደጋ ናት። በ1969 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የእናት አገር ጥሪ በሬዲዮ ታወጀ። ብዙም ሳይቆይ ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ ሚሊሺያ ይመልመል አለ። ሊቀ መንበሩ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ከእኛ ቤት ሁለት ሰው ተነሣ፤ አባዬና ጋሼ።

አባዬን «እርስዎ ይቀመጡ፣ የእርስዎ ተራ አልፏል» አሉት። እውነትም አልፏል። በጣሊያን ጊዜ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ዱር ገብቶ ነበር፤ ትከሻው ላይ ጥይት የገባበት ጠባሳ አለ። በዓል በመጣ ቁጥር ሁለት ዋንጫ ጠላ ይጠጣና ጋቢውን ከትከሻው ገለጥ አድርጎ ይፎክራል። እኛ ልጆቹ ፊደል ሳንቆጥር በፊት ያን ፉከራ በቃላችን እናውቀው ነበር። ጋሼም ሲነሣ ያየው ወደዚያ ጠባሳ ነው።

ጋሼ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ሦስት መቶ ሺህ ሚሊሺያ ተብሎ የተነገረለት ያ ሠራዊት በሰኔ አዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ተሰልፎ ታየ። አብዛኛው ጋሼን የመሰለ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ጥሎ የመጣ ገበሬ ነው። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ወደ ኦጋዴን ዘለቀ፤ አዲሱ ዓመት 1970 በገባ በቀናት ውስጥ ጅጅጋ ተያዘች። የዘማች ቤተሰብ ነንና ማሳችንን ገበሬ ማኅበሩ አረሰልን። እህሉ አልጎደለብንም። የጎደለው ሰው ነው።

ጅጅጋ መያዟን የሰማን ማታ እምዬ ኩበቱን ምድጃ ውስጥ ትታ ወደ ግቢ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ልጄን በሕይወት መልስልኝ፤ ደጅህ ድረስ መጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ» አለች። እምዬ ከደብረ ብርሃን አልፋ ሄዳ አታውቅም። ቁልቢ የት እንዳለ የምታውቀው ስለት አስገብተው ከተመለሱ ሰዎች ወሬ ነው፤ ከሐረር ወዲህ፣ ራስ መኮንን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሰምታለች። ልጇ ያለውም በዚያው በኩል ስለሆነ ጎረቤት ለጎረቤት አደራ እንደምትል ነው የተናገረችው።

በመጋቢት ደብዳቤ መጣ። «ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይላል። ጽሕፈቱ ግን የእሱ አይደለም። ታች «ትንሽ ቆስያለሁ» የምትል መሥመር አለች። አባዬ ደብዳቤውን ደጋግሞ አስነበበኝና «ትንሽ የቆሰለ ሰው በራሱ እጅ ይጽፋል» ብሎ ዝም አለ።

ሐረር ሆስፒታል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል እያለ ክረምቱ አለቀ። በ1971 የመስቀል ሰሞን አጎቴ ከተማ ድረስ በቅሎ ይዞ ሄዶ አመጣው። መንደሩ በእልልታ ወጣ። ጋሼ ከበቅሎዋ በሰው እጅ ወረደ፣ ሁለቱን ምርኩዞች ብብቱ ሥር አስገባ፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ካኪ ሱሪው ወደ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እምዬ አላለቀሰችም። ጉልበቶቹን ስማ ስማ ቀና አለችና «ግባ፣ ብርድ ነው» አለችው።

በእኛ ቤት ከመንገድ የገባን ታላቅ እግር ማጠብ የእኔ ሥራ ነው። ለብ ያለ ውኃ በማንቆርቆሪያ፣ ሳፋውንም ይዤ ቀረብኩ። ጋሼ ግራ እግሩን ዘረጋልኝ። ያን ጊዜ እጄ ተሳሰረብኝ። ሁልጊዜ አንዱን አጥቤ ወደ ሌላው ነው የማልፈው፤ አሁን ወዴት እንደማልፍ ጠፋኝ። ቤቱ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ያየኛል። አባዬ ከመደቡ ተነሣ። ጋቢውን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ልጁ ፊት ተንበረከከ። አባት የልጁን እግር ሲያጥብ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ቄስ በጸሎተ ሐሙስ ቢያጥቡ ነው እንጂ። ጋሼ «ኧረ አባዬ!» ብሎ እግሩን ሊሰበስብ ሲል ቁርጭምጭሚቱን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ተረከዙ የተሰነጣጠቀውን፣ አውራ ጣቱ ከስክስ ጫማ የበላውን ያን እግር በጣቶቹ መሃል ሳይቀር አጠበ። ጨርሶ «ያንንም አምጣው» አለ። ጋሼ አመነታ። ከዚያ የመርፌ ቁልፉን ፈታ። የተሰፋው ቦታ ወይን ጠጅ መልክ አለው፤ ጫፉ ላይ ቆዳው ስስ ሆኖ ያብረቀርቃል። አባዬ ሌላ ንጹሕ ውኃ አስቀድቶ በእጁ ጠብ ጠብ አድርጎ አጠበው፣ ከእኔ ላይ ጋቢውን ወስዶ በዚያው አደረቀው።

ከዚያ እንጀራው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ፤ ቤቱ ሞቀ። አንድ ፉከራ የሚያውቅ ጎረቤታችን ተነሣና የጋሼን ስም ከካራማራ ጋር አያይዞ ያወድስ ጀመር። የካቲት 26 ቀን ካራማራ ተሰብሮ ጅጅጋ ነጻ የወጣችበት ወሬ ያን ዓመት በየቤቱ ነበር፤ ከምሥራቅ የተመለሰ ሁሉ ከካራማራ የተመለሰ ይመስለናል። ጋሼ እጁን አነሣ። «ይቅርታ፣ እኔ ካራማራን አላየሁትም» አለ። ቤቱ ጭር አለ። «እኔ የቆሰልኩት ጥር ላይ ነው፤ ሐረርን ሊይዝ የመጣውን ጦር ወደ ፈዲስ ስንገፋ። የኩባ ታንኮች አብረውን ነበሩ። ፈንጂ ረገጥኩ። ጅጅጋ ነጻ ወጣች ሲባል እኔ ሐረር ተኝቼ በሬዲዮ ነው የሰማሁት።»

ፎካሪው ደንገጥ ብሎ «ምን አለበት፣ ያው አንድ ጦርነት አይደል?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያከብረው ነው። ነገር ግን ሰው ያልዋለበትን ሲጨምሩለት የዋለበትን እያሳነሱበት መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። አባዬ መለሰለት። «ልጄ ያልዋለበትን አትጨምርበት። ፈዲስ ይበቃዋል» አለ። ከዚያ ራሱ ተነሥቶ ፎከረ፤ የራሱን አርበኝነት ተወና ፈዲስን እየጠራ። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። እኔ አባዬ ሲፎክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ማታ ግን ኮርቼበት አላውቅም።

ኩራቱ ይህ ነበር። እምነቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠመው። አክስቴ እምዬን ለብቻዋ ይዛ «ስለቱን እንዳለ ታስገቢያለሽ እንዴ? ሙሉውን እኮ አልመለሰልሽም» አለቻት። እምዬ ተቆጣች። «የለመንኩት ልጄን ነው። እግሩን ቆጥሬ አልለመንኩም!» አለች። ሆኖም አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቷት ኖሯል። የንስሐ አባታችን ሲመጡ በጓዳ በር ሆና ጠየቀቻቸው፤ «አባ፣ የልጄ እግር ሐረር ተቀብሯል፤ እሱ ደግሞ ሲሞት እዚሁ ነው የሚቀበረው። በትንሣኤ ጊዜ እንዴት ይገናኛሉ?» እሳቸውም «አንቺ ሴት፣ አዳምን ከአፈር ያበጀ ከሐረር እስከ እዚህ መሰብሰብ ያቅተዋል?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ስለ እግሩ ስታነሣ አልሰማኋትም።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት በግ ተሸጦ ጃንጥላው ተገዛ፤ እምዬ፣ ጋሼና እኔ ወደ ቁልቢ ተነሣን። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አዋሽን፣ አሰበ ተፈሪን አልፈን የጨርጨርን ጠመዝማዛ ወጣን። በ19 ንጋት ላይ ዳገቱ በሰው ተሸፍኗል። ድንጋይ በጀርባው የተሸከመ አለ፤ በጉልበቱ የሚድኽ አለ፤ ስለት የሰመረላት ልጇን ለክርስትና ታቅፋ ትወጣለች። ጋሼ በምርኩዙ ዳገቱን ጀመረ። ሁለት ጎረምሶች ቀርበው «ጋሼ፣ እንሸከምዎ» አሉት። «እግዜር ይስጥልኝ። አንዴ ተሸክመውኛል፣ ይበቃኛል» አላቸው።

እምዬ ሰምታው ቆመች። «ማነው የተሸከመህ?» አለችው። እስከዚያ ቀን ለማንም አልነገረም ነበር። ዳገቱ መሃል ላይ፣ ሰው እየገፋን፣ ያን ጊዜ ነገራት። ፈንጂው ሲፈነዳ ቃሬዛ አልነበረም፤ የወረኢሉ ልጅ የሆነ ጓደኛው፣ ታጠቅ አብረው የሠለጠኑ፣ በጀርባው አዝሎ መኪናው ድረስ አወጣው። ጋሼን አድርሶ ወደ ጦሩ ተመለሰ። በየካቲት ካራማራ ላይ ተሰዋ። ወሬውን ያመጣው በኋላ የገባ ሌላ ቁስለኛ ነው። አሁን ገባኝ፤ ጋሼ ያን ማታ እጁን ያነሣው ካራማራ የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ከላይ ስንደርስ ስም የሚመዘግቡ ካህን ነበሩ። ጋሼ ለጓደኛው ጸሎት ሊያስይዝ ቀረበ። «የክርስትና ስሙስ?» አሉት። «የለውም አባቴ፤ እስላም ነው።» ካህኑ ብዕራቸውን ይዘው ዝም አሉ። እምዬ ከኋላ ሆና «ይተዉት አባቴ፣ ገብርኤል ያውቀዋል» አለችና ለራሷ ከያዘችው ጧፍ ከፍላ ለጋሼ ሰጠችው። ጃንጥላውን አስገብታ ስትወጣ «እናት አለችው?» ብላ ጠየቀችው። «አለችው።» «ታውቃለች?» «መሰዋቱን ብቻ።» «እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ አባዬ በቅሎ ጭኖ ወደ ወረኢሉ ሸኘን። ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ሠራዊት ያከተቱበት ወረኢሉ ነው፤ አባዬም ይህን ደጋግሞ ይነግረን ነበር። ቤቱን እየጠየቅን አገኘነው። ሴትዮዋ ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ ምርኩዙን ሲያዩ ገና ሳይነግራቸው ገባቸው መሰል በሩን ይዘው ቆሙ። ጋሼ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ ታጠቅን፣ ፈዲስን፣ ካራማራን። በቤታችን አልወስድም ያለውን ያን ስም እዚያ ሙሉ ለሙሉ አስረከበ። ሴትዮዋ ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ ያቀረቡለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው።

«ምን ያህል መንገድ ተሸከመህ፣ ልጄ?»

ጋሼ በር ላይ ወጥቶ በምርኩዙ አሳያቸው። «ከዚህ ደጃፍ እስከዚያ ወንዝ፣ እማማ። ከዚያም በላይ።»

ወንዙን ትኩር ብለው አዩት። ዘወር ብለው ልጃቸውን ጠሩና ዶሮ እንድትይዝ፣ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ደግሞ መጥቶ እንዲያርድ እንድትጠራው ላኳት። ጋሼ «እማማ፣ አይድከሙ፣ እንሄዳለን» ሲል ምርኩዙን ከእጁ ወስደው ጓዳ አስገቡበት። «ልጄ ተሸክሞ ያወጣውን ሰው እኔ በባዶ ሆዱ አልሰድም» አሉት።