ፍሪሲዮን

ቃሉ የጣልያን ነው። በትውልድ ቋንቋው መፋተግንም፣ የሞተርን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈውንና የሚያቋርጠውን ዕቃም ይጠራል። መፋተግን የትምህርት ቤት አማርኛ «ሰበቃ» ይለዋል፤ ጋራዥ ግን ከካምቢዮና ከኩሽኔታ ጋር ፍሪሲዮንን እንዳለ ይዞታል። ቃላቱ ከመኪናዎቹ ጋር የመጡ ይመስላል፦ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር እንደ ፊያት 634 ባሉ ከባድ ካሚዮኖች ይጓጓዝ ነበር።

ስሙ ሥራውን በትክክል ይናገራል፦ የመፋተጊያ ሸራ የለበሰው ዲስክ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖ ላይ ተጭኖ በመፋተግ ብቻ አብሮት ይዞራል። ስለዚህ ሸራው ማለቁ አይቀርም። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ጭነት ይዞ የሚወጣ ሾፌር ፔዳሉን በግማሽ ከረገጠ፣ ሸራው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይሸታል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ከከበደው ሸራው ተበልቷል።

ከዚያ ዘመን ለቀረ አሮጌ የጦር መኪና አዲስ ዲስክ ማግኘት ከባድ ነው፤ አሮጌው ግን ይድናል። ሪቬቱ ተበስቶ ያለቀው ሸራ ይነሳል፣ አዲስ ይለብሳል። የሪቬቱ ራስ ከሸራው ፊት ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከወጣ ቮላኖውን ይቦጫጭራል። የተቦጫጨረ ቮላኖ ቶርኖ ቤት ገብቶ ፊቱ ሳይስተካከል አዲስ ሸራ መግጠም፣ በእኔ እምነት፣ ሸራውን በከንቱ ማስበላት ነው።