ከክራር መድረክ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት፦ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ጥበብ ከጎንደር ሲታይ

በጎንደር ከተማ የዜማ ነገር ሲነሣ አስቀድሞ በሊቃውንቱ ልቡና የሚመጣው የበዓታ ለማርያም ደብር የአቋቋም ጉባኤ፣ ከዚያም ጸናጽሉና መቋሚያው፣ ከበሮውና ወረቡ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከደብሩ ቅጽር ውጭ፣ ከቡርቧክስና ከመሳሰሉት መንደሮች እየወጣ በሠርግ ቤትና በጠጅ ቤት መሰንቆውን የሚገዘግዝ ሌላ የዜማ ወገን አለ፤ እርሱም ዜማውን እየወደደለት ትውልዱን ግን በሚንቅበት ሕዝብ መካከል ሲኖር፣ እርስ በርሱ እየተጋባ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፈው የአዝማሪ ወገን ነው። በማኅሌቱ ለሴት ስፍራ አልተሰጣትም፤ በአዝማሪው ዘንድ ግን ሴቲቱ ከባሏ መሰንቆ ጋር ታዜማለች፣ እስክስታ ትወርዳለች፣ ታዳሚው የሚሰጣትን ግጥም ተቀብላ አሳምራ ታደርሳለች፣ የነካትንም በሰምና ወርቅ ትመልሳለች። የኢትዮጵያ ሴት ተዋናይ ጥበቧን ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ዘንድ የደረሰባትንም ንቀት የወረሰችው ከዚህች ሴት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተዋናይቱንና የክራር ደርዳሪዋን የወይዘሮ አስናቀች ወርቁንም የሕይወት ሥራ በዚህ ዓይን ልመረምረው እወድዳለሁ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት ካቀረቡ በኋላ፣ የኢጣልያም ወረራ በተቃረበ ጊዜ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ማነሣሣት ከጀመረ ወዲህ፣ በእኛ አገር ተውኔትና ሙዚቃ ተለያይተው አላደጉም፤ ዘፈን የሌለው ቴአትር ለታዳሚው ጎዶሎ ይመስለው ነበርና። ሆኖም በዚያ ዘመን ልጁን ለመድረክ የሚሰጥ ወላጅ አይገኝም ነበር፤ መድረክ ላይ መውጣት አዝማሪ መሆን ነው፣ አዝማሪነትም ለጨዋ ልጅ ነውር ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፣ የሴቲቱን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ከእነዚህም ወንዶች አንዱ በባሌ የተወለዱት፣ ኋላ ሕዝብ ሁሉ «አባባ» ብሎ የጠራቸው አቶ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው።

ይህን የተዘጋ ደጅ ከከፈቱት ጥቂት ሴቶች መካከል ወይዘሮ አስናቀች ከሁሉ ይልቅ ጎልተው ይታያሉ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት እኒህ ሴት በ1940ዎቹ ወደ መድረክ ሲወጡ፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል በተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲያገለግሉ፣ ይዘውት የመጡት ሀብት ሁለት ነበረ፤ አንዱ የተዋናይነት ተሰጥዎ፣ ሁለተኛው ክራር። ክራርም በአበው ትምህርት ዘንድ መልካም ስም አልነበረውም፤ በገና የቅዱስ ዳዊት መሣሪያ፣ የጸሎትና የተመስጦ ረዳት ሆኖ ሲከበር፣ ክራር ግን ፍትወትን የሚያነሣሣ የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ ይነቀፍ ነበር። እንግዲህ ሴት ሆኖ፣ ተዋናይ ሆኖ፣ በዚያ ላይ ክራር ታቅፎ በአደባባይ መታየት ሦስት ነቀፋ በአንድ ትከሻ መሸከም ነበረ። ወይዘሮ አስናቀች ግን ነቀፋውን በመሸሽ ፈንታ ክራሩን የክብር ዕቃ አድርገው ያዙት፤ የልብሳቸው ውበት፣ የአንገታቸው አያያዝ፣ የትዝታቸው ዝግታ፣ ከግጥሙ አስቀድሞ ነገሩን የሚናገር ዓይናቸው፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ዘፈኑን ራሱን አንዲት ሴት ብቻዋን የምትጫወተው ተውኔት አደረገው። ከድምፃቸው ይልቅ ይህን አድራጎታቸውን አደንቃለሁ፤ ድምፅ የተፈጥሮ ጸጋ ነው፣ ይህ ግን በብዙ ድካም የተገኘ ትምህርት ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን ሲጀምር የራሱ ተዋንያን አልነበሩትምና ከቴአትር ቤቶቹ ተበደረ። ቀድሞ በሴት ቀሚስ መድረክ ላይ የወጡት አቶ ተስፋዬ በዚሁ መስኮት የልጆች አባት ሆነው ተቀመጡ፤ ተረት እየነገሩና እየመከሩ 42 ዓመት ያህል ዘለቁ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉም በእርሳቸው ተረት ያደገው ትውልድ ሁሉ አዘነ። ለወይዘሮ አስናቀች ግን ቴሌቪዥኑ እንዲህ ያለ የዘወትር ወንበር አላዘጋጀም። በክራራቸው የታዩባቸው ጥቁርና ነጭ ምስሎች ዛሬም ሲታዩ ካሜራው ለእርሳቸው ፊት የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን የተጠሩት ለዘፈን እንጂ ዝናን ለሚያጸና ተከታታይ ተውኔት አልነበረም። በአሜሪካ ተዋናይዋ አንጄላ ላንስበሪ በብሮድዌይ የሙዚቃ ቴአትር በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ሜም» በተባለው ሥራ ከነገሠች በኋላ፣ ከ1984 እስከ 1996 ድረስ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ 12 ዓመት የቤተ ሰብ ሁሉ እንግዳ ሆና ኖራለች፤ ብዙ ጣቢያዎች ስለ ተመልካች በሚፎካከሩበት አገር ይህ የሚቻል ነው። በእኛ ዘንድ ግን ጣቢያው ለብዙ ዘመን አንድ፣ እርሱም የመንግሥት ብቻ ስለ ነበረ፣ የሴት ተዋናይ በቴሌቪዥን ድራማ የቤተኛነትን ፍቅር ማግኘቷ ዘግይቶ በሌላ ትውልድ የተፈጸመ ነገር ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ያረፉትን፣ በ«ቤቶች» ድራማ ትርፌን ሆነው የተጫወቱትን ሰብለ ተፈራን ማስታወስ ይበቃል።

ለወይዘሮ አስናቀች የዓለም ዝና የመጣላቸው በስተ እርጅና ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 16ኛውን ቅጽ በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለክራራቸው ሰጠላቸው፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፉም በኋላ ራሔል ሳሙኤል ያዘጋጀችው «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ታየ። እነዚህ የምስጋና ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም የዘፈን ኅትመቱ የሚያቆየው ድምፅን ነው፤ ሴቲቱ ለታዳሚው የምትሰጠውን የፊት ምላሽ፣ ግጥሙን ከመጣሏ በፊት የምትወስደውን ትንሽ ዝምታ አያቆይም። ስለዚህ የእርሳቸውን ጥበብ የሚያጠና ተመራማሪ የቴሌቪዥኑን ምስል እንደ ብራና መጽሐፍ ፊደል በፊደል ማንበብ፣ ከዚያም በጎንደር አዝማሪ ቤቶች ሴቲቱ ዛሬ ግጥም ስትቀበልና ስትመልስ እየተመለከተ ማስተያየት ይገባዋል፤ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ብቻ ቢፈልግ ከሥራቸው ውስጥ የትኛው የወረሱት፣ የትኛው ራሳቸው የፈጠሩት እንደ ሆነ ለይቶ ሊያውቅ አይችልምና።